የድልድይ መሐንዲሷ የወይዘሮ ቬርና ሎወን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬርና ሎወን ከአባታቸው ከአቶ አብራም ሎወንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጋታ ፍሪዘን በማኒቶባ፣ በሮዝንሆፍ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1947 ተወለዱ። በስድስት ዓመታቸው ፖሊዮ ያዛቸውና ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዱ ጀመር። ወንበሩ እስኪገዛ አባታቸው በወተት ጋሪ ትምህርት ቤት ያመላልሷቸው ስለነበር፣ «የመንደሩ የመጀመሪያ ባለሾፌር እኔ ነበርኩ» እያሉ ይኩራሩ ነበር።

በ1970 በምሕንድስና ተመርቀው ዊኒፔግ ውስጥ በአንድ የድልድይ ንድፍ መሥሪያ ቤት ለስድስት ወር ሙከራ ተቀጠሩ። የንድፍ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የሚባል ነገር የለ! ባልደረቦቻቸው ጠዋት ተሸክመው ያወጧቸዋል፣ ማታ ያወርዷቸዋል። ደጎች ነበሩ፤ ግን ምሳ ወጣ ብሎ ለመብላት እንኳ ሁለት ጎረምሳ መለመን ግድ ነበር። አለቃቸው አቶ ሃርደርም ክፉ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ ለአንቺው አዝኜ ነው፤ ታች ሆነሽ ስልክ ብታነሺ አይሻልሽም?» ይሏቸው ነበር። ሙከራው አልቆ ስልክ ክፍል ከገቡ መሐንዲስነታቸው ወረቀት ላይ ሊቀር ነው።

በአምስተኛው ወር የእሳት አደጋ ልምምድ ተደረገ። ደወሉ ሲጮህ ሁሉም ተንጋግቶ ወረደ። ደጅ ላይ ስም ሲጠራ «ቬርናስ?» ቢባል፣ ጉድ ፈላ! አንዱ በሌላው ተማምኖ ለካ ማንም አላወረዳቸውም። አቶ ሃርደር እያለከለኩ ሦስት ፎቅ ወጥተው ቢደርሱ፣ ወይዘሮ ቬርና ተረጋግተው እርሳስ ይቀርጻሉ። «እውነተኛ እሳት ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ተጠብሼልዎት ነበር» ብለው፣ ብቻቸውን በቆዩባት ሃያ ደቂቃ የነደፉትን የአሳንሰር ረቂቅ ዘረጉላቸው። አለቅየው ላባቸውን ጠርገው ረቂቁን አገላበጡና «እንዲህ ያለ እጅማ ስልክ አያነሳም» ብለው ቅጥሩን አጸደቁ። አሳንሰሩ እስኪተከልም የንድፍ ክፍሉ በሞላ ምድር ቤት ወረደ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ ድልድይ ነድፈው፣ የክፍሉ ኃላፊም ሆነው በ2009 ጡረታ ወጡ። በ1975 የትምህርት ቤት አውቶብስ ሾፌሩን አቶ ኮርኒ ፔነርን አግብተው ሁለት ልጆች አፍርተዋል።

በሳንባ ሕመም ተኝተው ሳለ፣ የወንድማቸው ልጅ ማርላ ይህን ታሪክ ጽፋ አነበበችላቸው። «እስቲ አምጪው» አሉና እንደ ንድፍ መረመሩት። «አካል ጉዳተኛ ቢሆኑም» የሚለውን ሦስት ቦታ በቀይ ሰረዙት። «ጀግና» የሚለውንም ሰርዘው «መሐንዲስ» ብለው ጻፉበት። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን ስሜን ቀብረሽ ነው እኔን የምትቀብሪኝ?» ብለው ሳቁባት። ከግርጌውም «ተመርምሮ ጸድቋል» ብለው ፈረሙ።

ከፊርማቸው በኋላ፣ ከዚህ ገጠመኝ ሌላ የገባችው አንዲት መስመር ናት፦ መሐንዲስ ቬርና ሎወን እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2021 በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለአራት የልጅ ልጆቻቸው እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥ። በድልድያቸው የተሻገረ ሁሉ «ነፍስ ይማር» ይበልልን።