ወንዙ ወደ ማዶ ያሻገረው መሬት

ቀኑንና ዓመቱን ጸሐፊው በወረቀቱ ራስጌ አስፍሯል። እኔ የምጨምረው ወንዙ መሙላቱንና የታችኛው ማሳዬ በውሃ ሥር መሆኑን ነው። ሰውነቴ ደክሟል፤ ትንፋሼ ከአልጋ እስከ በር አያደርሰኝም። አእምሮዬ ግን አልከዳኝም። ይህን ቃል ስሰጥ ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ሊያባብለኝ የሚመጣ ሰው ይህን ደጅ ከረገጠ ቆይቷል።

ጸሐፊው የምናገረውንም በዚህ ክፍል የሚነገረውንም ሁሉ እንዲጽፍ አዝዣለሁ። "የማያስፈልገውን ልተወው" ብሎኝ ነበር። የሚያስፈልገውን የማውቀው እኔ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ያለ አስተማሪ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። ሲጨርስ ቃል በቃል አነበዋለሁ፤ የጎደለ ካለ ገጹ እንደገና ይጻፋል።

ምስክር ሦስት ያስፈልጋል። ሁለቱ፣ ጎረቤቴ ጡብ ሠሪውና ታንኳ ቀዛፊው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ሦስተኛው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነበር፤ መንገዱን ውሃ ስለቆረጠው ሊመጣ አልቻለም።

ገና ሳንጀምር ጡብ ሠሪው፣ "ጋሼ፣ ለኔስ ምን አስበዋል?" አለ።

ጸሐፊው "ምስክር አይወርስም፣ ወራሽም አይመሰክርም፤ ሕጉ ነው" አለው።

"ምስክር ባልሆንስ ኖሮ?"

"ምንም" አልኩት። ይህም ይጻፍ።

አንደኛ። ቤቱን፣ በቤቱ ያለውን ዕቃ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ማሳ ለልጄ አውርሻለሁ። ሌላ ልጅ የለኝም። ዕቃው ብዙ አይደለም። ወንበሮቹ ሁለት ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በአንደኛው ላይ ኮቴን ነው የምሰቅለው። ልጄ "አባዬ፣ ና ከኛ ጋር ኑር" ስትለኝ ቆይታለች። የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው። ከእግሬ በታች የሌላ ሰው ጣሪያ ባለበት ቤት እንደማልተኛ ነግሬያታለሁ። እሑድ እሑድ ትደውላለች። "ምን በላህ?" ትለኛለች፤ "እህል" እላታለሁ። ሌላ ወሬ አላበዛም። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቶሎ ከጆሮዬ አላነሣውም።

ቤቱ ያረፈው ጠጠራማ ጉብታ ላይ ነው። ወደ ወንዙ በኩል ክፍል እንዳትቀጥልበት። ከጉብታው በታች ያለው ደለል ነው፤ ውሃ ሲጠግብ ይላላል፣ ግድግዳ አይሸከምም።

ሁለተኛ። ልጄ ማሳውን ራሷ ብታርስም፣ ለሌላ ሰው ሰጥታ ብታሳርስም የሚከተለውን ትጠብቅ። ደለል ወንዝ ከሩቅ ፈጭቶ የሚያመጣው አፈር ነው። ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል፤ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። እንደ አሸዋ አይኮሰኩስም፣ እንደ ሸክላ አፈርም እጅ ላይ ተጣብቆ አያስቸግርም። ውሃ ይይዛል፤ ዝናብ ሲዘገይ የሌላው ሰው ጎመን አንገቱን ሲደፋ የኛ ቆሞ ይጠብቃል። ካሮት ሳይጣመም ይወርድበታል፤ ሽንኩርት ይሞላበታል።

ይህ አፈር የሚያኮርፈው ርጥብ ሳለ ሲረገጥ ነው። በሬም ይሁን ትራክተር በርጥቡ ከገባበት ውስጡ ይታመቃል፤ ሥርም ውሃም አያሳልፍም፤ ኩርፊያው ደግሞ ለዓመታት ነው። ስለዚህ ከመግባቷ በፊት ከሥር አንድ ጭብጥ አፈር አውጥታ ትጨብጠው። በአውራ ጣቷ ስትነካው ከተፈረከሰ ትግባ። እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ወደ ቤቷ ትመለስ። ጎረቤት ዘራ ብላ አትቸኩል፤ ጎረቤት ሲቸኩል ብዙ አይቻለሁ። ከዘራች በኋላ ከባድ ዝናብ ከጣለ ላዩ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ቡቃያው ከሥር ይታፈናል። ያኔ ላዩን ብቻ ቀስ ብላ ትጫረው። ማሳውን ራቁቱን አታሳድረው፤ ካልለበሰ ነፋስ ይወስደዋል።

ለጡብ የሚሆን ጭቃ ሽጭልኝ የሚላት ሰው ይኖራል። አሁን እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ደለሉ ከሥሩ ካለው ሸክላ ጋር ሲለወስ ጥሩ ጡብ እንደሚወጣው አልክድም። ነገር ግን የላይኛው አፈር አንዴ ከተገፈፈ እሳት ገብቶ የሰው ግድግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶ አያበቅልም። እንዳትሸጥ። ጡብ ሠሪው ይህ ሲጻፍ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ሦስተኛ። ጎርፉን በአፈር ክምር እንዳትከለክለው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ከልክለዋል። ውሃ ሲመጣ እግራቸው ደርቆ ይተኛሉ፤ በዘር ጊዜ ደግሞ ማዳበሪያ ፍለጋ ይሰለፋሉ። እኔ ወንዙን አስገባለሁ። ሲሸሽ እንደ ጥፍር የሳሳ አዲስ አፈር ትቶልኝ ይሄዳል፤ እኔ ምንም ሳልለምነው። በዚህ የተነሣ በሌለሁበት "ጋሼ ግትር" እንደሚሉኝ አውቃለሁ።

"በሌሉበት ብቻ አይደለም" አለ ጡብ ሠሪው።

ይጻፍ።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ በሁለት ምስክር ይሄ ወረቀት ከንቱ ነው። አንድ ሰው ይፈለግ።"

"ወፍጮ ቤት በታንኳ አይደረስም?"

"ወፍጮ ቤቱ ከድልድዩ በታች ነው" አለ ታንኳ ቀዛፊው። "በዚህ ሙላት በድልድይ ሥር ገብቼ ልጆቼን ያለ አባት አላስቀርም። መታጠፊያው ጋ ግን ውሃው ዝግ ይላል፤ ማዶ መሻገር ይቻላል። እዚያ ያለውም አንድ ቤት ነው።"

ማንም ስም አልጠራም። ማዶ ያለው የታናሽ ወንድሜ ቤት ነው።

"አይመጣም" አልኩ።

"ልጠይቀው?"

"መቅዘፊያው ያንተ ነው። እሱ ላከኝ እንዳትል።"

ታንኳ ቀዛፊው ወጣ። ጸሐፊው ብዕሩን እንዲያነሣ አድርጌ ቀጥያለሁ።

አራተኛ። ይህን ኑዛዜ ያስጻፍኩት ለዚህ አንቀጽ ስል ነው። አባታችን ይህን ዳር ለእኔ፣ ማዶውን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠን። ወንዙ በመካከላችን ይታጠፋል። የሚታጠፍ ወንዝ የውጪውን ዳር ይበላል፤ የያዘውን ደለል በውስጠኛው ዳር ያሳርፋል። የተበላው የእኔ ነበር። እናታችን ከሥራ ስታርፍ የምትቀመጥበት ሾላ እንኳ ከነሥሩ ሄደ። በማዶ ደግሞ በፊት ውሃ በነበረበት አዲስ መሬት ወጣ። ተሻግሬ አፈሩን አየሁት፤ የእኔ ነው። "መሬቴ ወዳንተ ዞሯል" አልኩት። "ውሃ የወሰደውን ውሃን ጠይቅ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ማታ ማታ መብራቱን አያለሁ። ቶሎ ያጠፋል፤ ድሮም እንቅልፋም ነበር። ሚስቴ በሞተች ጊዜ ተሻግሮ መጣ፤ ከሰው ኋላ ቆሞ ተመለሰ። የእርሱ ሚስት ስትሞት እኔም ተሻግሬ ከሰው ኋላ ቆምኩ። ከእነዚያ ቀናት በቀር በመካከላችን ያለፈ ውሃ ብቻ ነው።

አዲሱ መሬት ግን በየዓመቱ ጦሙን ያድራል። ሣር ይበቅልበታል፣ ሣሩም ቆሞ ይደርቃል። በኔ ዳር ተቀምጬ ይህን ሳይ ኖሬአለሁ። እንደዚያ ያለ አፈር በስንፍና ሲባክን ማየት ለእኔ ስድብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተናዝዣለሁ፦ በማዶ ያለው አዲስ መሬት የእኔ ነው። የእኔ ስለሆነም ለታናሽ ወንድሜ አወርሰዋለሁ። የእኔ መሆኑን ካላመነ ውርሱን አልተቀበለም ማለት ነው።

"ጋሼ፣ መሬቱ እኮ በርስዎ ስም አልተመዘገበም" አለ ጸሐፊው።

"አፈሩ ያውቀኛል። ጻፍ።"

ጽፎ ሳይጨርስ ታንኳው ከደጅ ተሰማ። ወንድሜ ገባ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። አርጅቷል። "እንዴት ነህ?" አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም። በሩ አጠገብ እንደቆመ ጸሐፊውን ተመለከተ።

"የት ጋ ነው የምፈርመው?"

ጸሐፊው ግራ ገባው። "አሁን እኮ ወራሽ ሆነዋል። ወራሽ አይመሰክርም።"

"ምን ወርሼ?"

አንቀጹ ተነበበለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

"ሰርዘው" አለ። "እኔ ምስክር ጎደለው ተብዬ ነው የመጣሁት። ለመሬት አልመጣሁም።"

"ያስጻፍኩትን አልሰርዝም" አልኩ።

"እንግዲያው ወረቀትህ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሁንህ።"

ከዚያ ጠየቅሁት።

"ለምን አላረስከውም?"

"ምኑን?"

"ምኑን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"የሰው መሬት አይታረስማ።"

"የማን?"

"ያንተ ነዋ፣ ጋሼ። ሾላው ሥር የነበረው አፈር አይደል? ተንከባለን ያደግንበትን አፈር የማላውቀው መሰለህ? ከብት እንኳ አስገብቼበት አላውቅም።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ? ጮህክብኝ እንጂ።"

ጡብ ሠሪው ሳቅ እንዳያመልጠው ጉልበቱን ያክ ጀመር። ወንድሜ ኮቴን ከወንበሩ ላይ አነሣና ምስማር ላይ ሰቀለው። ተቀመጠ።

አምስተኛ። አራተኛው አንቀጽ እንዳለ ይጸናል። "በስንፍና" የሚለው ቃል ብቻ ይውጣ፤ ያልታወቀ ነገር ነው የተጻፈው። ወንድሜ ውርሱን እቀበላለሁም አልቀበልምም አላለም። ምስክር ልሁን ብሎም አሁንም ይከራከራል። አይሆንም ብዬዋለሁ። ሣሩን ከማረሱ በፊት አፈሩን ጨብጦ እንዲያይ ስነግረው፣ "ይሄን ያስተማርከኝ ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ ነው" አለኝ። ቢሆንም ይጻፍ።

ስድስተኛ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ውሃው ጎድሎ መንገዱ ሲከፈት መጥቶ ይፈርማል። እስከዚያ ይህ ወረቀት እንደማይጸና ጸሐፊው አስጠንቅቆኛል፤ ስለዚህ እስከዚያ አልሞትም። ታንኳ ቀዛፊው ሊመለስ ሲነሣ ወንድሜን "እንሂድ?" አለው። ወንድሜ ግን እርጥብ ጫማውን አውልቆ ነበር። "ውሃው መቼ ይጎድላል?" ብሎ ጠየቀው።

"ከፈጠነ በሳምንት።"

"አይፍጠን" አልኩ። ደለል የሚያርፈው ዝግ ባለ ውሃ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ራሴ አንብቤ፣ ያልኩት ሆኖ ስላገኘሁት በእጄ ፈርሜአለሁ። ተናዛዡ።

አንደኛ ምስክር፦ ጡብ ሠሪው፣ ሲነገር ሰምቼ፣ ምንም ሳልወርስ ፈርሜአለሁ።

ሁለተኛ ምስክር፦ ታንኳ ቀዛፊው፣ ማዶ ደርሼ በመጣሁበት ጊዜ የተባለው ተነቦልኝ ፈርሜአለሁ።

ሦስተኛ ምስክር፦ ቦታው ክፍት ነው፤ ውሃው ይጠበቃል።