የደረሰው ደብዳቤ ጠፋ ተብሎ እንዳይታተም

ለተከበሩ የሦስተኛው ፎቅ የሴቶች መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ዓይንዎ፣ ወገብዎና ያ ቀይ እስክሪብቶዎ ሁሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሕንፃው ዘበኛ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ከኅሊናዬ ጋር ግን ከተኳረፍን ሰንበትበት ብለናል።

ድርጅትዎ እስከ ዛሬ ያሳተማቸውን መጻሕፍት አንድም ሳይቀረኝ አንብቤያቸዋለሁ። ማለቴ ሽፋናቸውን። ማለቴ ትልልቁን ፊደል። የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነውና በዚህ አይታዘቡኝም። ቅሬታዬን በቁጥር የማቀርበውም አስተማሪያችን የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው ስላሉን ነው።

1ኛ. ደረጃው ግድግዳ ላይ «በቅርብ የሚወጡ» ብላችሁ የለጠፋችሁት ዝርዝር። የአዋላጇን ሕይወት፣ የአውቶቡስ ሾፌሯን ሕይወት እያልኩ ለወጪ ወራጁ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ አራተኛው መስመር ላይ የልብስ አጣቢዋን አገኘሁ። ልብስ አጣቢዋ ባለቤቴ ናት። ባልን ሳያማክሩ የሃያ ሁለት ዓመት ጓዳ ስለከፈቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. ባለታሪኳ ራሷ አንብባ ካልፈረመች አንድ ገጽ አይታተምም የሚለው ደንባችሁ። በዚህ ድንቅ ደንብ ምክንያት ረቂቁ ቤቴ ድረስ መጣ። ብቻዬን፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ፣ ሳልንተባተብ አነበብኩት። ስለ እኔ ክፉ ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ይልቁንም ገጽ አርባ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ ስትታመም እኅቴ የጻፈችልኝ ደብዳቤ መንገድ ላይ ጠፋ፤ ሳልደርስላት ቀረሁ።»

ክብርት ሆይ፣ ደብዳቤው አልጠፋም። ደርሷል። ያነበብኩላት እኔ ነኝ።

3ኛ. ይኼ እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ቁጥሩን ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ። ስንጋባ ማንበብ እችላለሁ ብዬ ነበር። ስለዚህ ከእኅቷ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ሁላችን ደህና ነን፤ ላሚቱም ወልዳለች እላለሁ። በእኔ ንባብ ያቺ ላም ዘጠኝ ጊዜ ወልዳለች። ኋላ ስሰማ እነሱ ቤት ላም ኖሮ አያውቅም። እናታችን አንቺን ትጠራለች፤ ዛሬ ነገ ሳትይ ነይ የሚለውን ወረቀት ይዤም ላሚቱን አስወለድኳት። ባለቤቴ ሳቅ ብላ ወደ እጥበቷ ተመለሰች። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መርዶ መጣ። ጽፈንልሽ ነበር ሲሏት፣ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናላ ያልኩትም እኔው ነኝ።

ባለቤቴ ደብዳቤዎቹን ሁሉ ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣለች። የማታ ትምህርቱን ደግሞ ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ ጨርሳለች። ከዚህ በላይ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

4ኛ. እርስዎ። ገጹ ይታረም ብዬ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ፣ ከመነጽርዎ በላይ አይተውኝ፣ የሰው ሕይወት ማረም የሚችለው ባለታሪኩ ብቻ ነው አሉኝ። በር ድረስ ስለሸኙኝ አመሰግናለሁ። ቤት ገብቼ እሷን ለመንኩ። የታጠበ አንሶላ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «ተወው አንተ ሰውዬ። ልጆቹም ያነቡታል እኮ» አለችኝ።

ነገ ትፈርማለች። መጽሐፉ የእሷ ነውና አልነካውም። ደረጃውን የምጠብቀው ግን እኔ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ ከዝርዝራችሁ ጎን፣ በሰው ዓይን ልክ ለጥፌዋለሁ። ልጆቼም የእናታቸውን መጽሐፍ ሊገዙ ሲመጡ የሚያልፉት በዚያው ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ቀና ለማለት ከሚያፍር አንገት ጋር፣

የሕንፃው ዘበኛ፣ የማታ ትምህርት ምሩቅ፣ ያልነበረች ላም አዋላጅ

ማሳሰቢያ፦ እናንተ እውነት ብቻ ነው የምናትመው ስለምትሉ፣ እኔም ከእናንተ እንዳላንስ አንድ እርማት አለኝ። ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ብቻዬን አነበብኩት ያልኩት ፈጠራ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ረቂቁን ከእጄ ተቀብላ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስትደርስም ድምፅዋ አልተለወጠም። የተጻፈውን እንደተጻፈ አነበበችልኝ፤ እኔ አንድ ቀን እንኳ ያላደረግኩላትን።