ሬሕማ ያወጣችልህ ስም

ለወንድሜ ለዳውድ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከርመሃል? የእናታችን ጉልበት ተሻለው ወይ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? የአንተን ጤና የምጠይቀው ለሥርዓቱ ነው እንጂ ናፍቀኸኝ አይደለም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስለ ትምህርት ቤት ካነሳሁብህ ወዲህ ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ወደ አገር በሚመለሰው በኑርሁሴን እጅ ልኬዋለሁ።

አደራ ብዬ የተውኩልህን ልጄን፣ ሬሕማን፣ ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቷም አይሠራም፣ ከብት ትጠብቅ ብለኸኛል። እኔ ካርቱም የገባሁ ሰሞን «ሞያ» ሲሉኝ ሞያሽን አሳዪን ያሉኝ መስሎኝ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። ለካ ውሃ ነው የጠየቁኝ! በስድስተኛው ወር ግን ከእመቤቲቱ ጋር በዐረብኛ እከራከር ነበር። ቋንቋ ቶሎ መያዝ ከእናታችን የወረስነው ነው፤ ለአንተ ሳይደርስህ ቀረ እንጂ ለሬሕማ ደርሷታል።

የምሠራበት ቤት ልጅ እንደ ሬሕማ አትሰማም። በእጇ ታወራለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። እኔም ከእሷ ተማርኩ። አንተ ሬሕማን በስልክ ቪዲዮ ስታሳየኝ ጥቂት የእጅ ምልክት ባሳያት ወዲያው ያዘችው፤ በሳምንቱ የራሷን እየጨመረች ታስተምረኝ ጀመር። ላሟ መውለዷን፣ የጥጃው አንድ እግር ነጭ መሆኑን ነገረችኝ። አንተ አጠገቧ ሆነህ ዝንብ ታባርራለች ብለህ ሳቅህ።

ጡጫዋን ጉንጯ ላይ ስታደርግ ደግሞ፣ ጉንጭህን በጫት ወጥረህ ስለምትውል፣ ጫቴን ነው የምትለው ብለህ ደስ አለህ። አዎ፣ ያወጣችልህ ስም ነው። ጫት ግን አይደለም። ስንት ጊዜ መታሽ ብዬ ስጠይቃት የአንድ እጅ ጣት አልበቃትም። ስልኩን የያዝክላት አንተው ነህ። እጅህን ያነሳህባት አትናገርብኝም ብለህ ነው። ልቤ አርሯል ዳውድ፣ አልደብቅህም።

መጋቢት እንደገባ የአክስታችን ልጅ ሀኒፋ ከደሴ መጥታ ትወስዳታለች። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ትምህርት ቤት አስመዝግባታለች። እምቢ ካልክ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሬሕማ በፊታቸው ትናገራለች፣ እኔ በስልክ አስተረጉማለሁ።

የእናቴን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን ዝናሽን፣ ልጆቹንም አንድ በአንድ ሰላም በልልኝ። ለሬሕማ ግን ሰላምታዬን አንተ አታድርስ። እጅህን ስታነሳ ትሸሻለች።

እህትህ ሙኒያ
ካርቱም፣ ካፉሪ
የካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.