ግንዱ ውስጥ የነበረው ድምፅ

ውድ በቀኜ ይቀመጡ የነበሩት እናት፣

እዚያ ሳለን ስምዎን አላውቀውም ነበር፤ አሁን አድራሻዎ ላይ ባነብበውም በስምዎ ልጠራዎት ድፍረቱ የለኝም። እውነቱን ልንገርዎትና በልቤ "ነጎድጓድ" ብዬ ስም አውጥቼልዎት ነበር። ምክንያቱን ያንብቡና ይፍረዱኝ።

እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ቀኑን ሙሉ መቦርቦሪያው ሲጮህ ቢውል ምንም አይመስለኝም። ሰው ማስቲካ ሲያኝክ፣ ሻይ ፉት ሲል ግን ደሜ ይፈላል፤ ሮጬ ካልወጣሁ የምጮህ ይመስለኛል። ባለቤቴ ደግ ሰው ስለሆነ ራቱን ማእድ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ይበላል። አንድ ቀን ግን ሳህኑን እንደያዘ ብቅ አለና፣ "እኔ እኮ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ" አለኝ። አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነው ያስፈራኝ። ከሰው ጋር መኖር የማልችል ሆኜ ልቀር ነው ብዬ ሰጋሁ።

ለቀናት በዝምታ ተቀምጠው ተመስጦ (ሜዲቴሽን) የሚማሩበት ቤት እንዳለ የነገረችኝ ታናሽ እህቴ ናት። "ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ለአንቺ ገነት ነው" አለችኝ።

ገነት! ወሬ ሲጠፋ ሌላው ድምፅ ሁሉ እንደሚጎላ ማን ይንገረኝ? አዳራሹ ውስጥ ሆድ ሲጮህ፣ ጉልበት ሲንቋቋ፣ ምራቅ ሲዋጥ እሰማለሁ። ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ እርስዎ! ነጠላ ጫማዎን እየጎተቱ ይገባሉ፤ መቀመጫ ትራስዎን ዱብ ያደርጉታል፤ ከዚያ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል "እህህ" ይከተላል። ምግብ ቤት ማንኪያዎ ከሳህኑ ጋር ይጣላል። ሌላው ሰው በሩን እንደ እንቁላል ይዞ ሲመልስ እርስዎ ጓ አድርገው ይዘጉታል። "እኚህ ሴትዮ ሆን ብለው ነው" እል ነበር።

አስተማሪውን ማናገር በሚፈቀድበት ሰዓት ሄጄ፣ ቦታ እንዲቀይርልኝ ለመንኩት።

"እቀይርልሻለሁ" አለኝ ረጋ ብሎ። "ግን የትም ብትቀመጪ አጠገብሽ ያለው ሰው መተንፈሱ አይቀርም።"

"የሳቸው ትንፋሽ አይደለም፤ አውሎ ነፋስ ነው!"

ሳቁን ዋጥ አደረገ። ይሄ ቤት ለእኔ አይሆንም ብዬ በማግስቱ ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ወደ በሩ አመራሁ።

ግቢው መሀል ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመው አየሁዎት። መዳፎችዎን ግንዱ ላይ ዘርግተው፣ ግንባርዎን አስደግፈው፣ ዓይንዎን ጨፍነዋል። ሹልክ ብዬ ላልፍ ስል ዓይንዎን ገለጡና እጄን አፈፍ አደረጉት። ልላቀቅ ብሞክር ጭራሽ ጎተቱኝ፤ መዳፌን ግንዱ ላይ ለጥፈው በራስዎ መዳፍ ከደኑት።

ግንዱ ይርገበገብ ነበር፤ እንደሚተነፍስ እንስሳ ጎን። ደንግጬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ቀና ስል ከበላያችን ባለው ስንጥቅ ንቦች ሲገቡና ሲወጡ፣ ፀሐይዋ ገና እየወጣች ክንፋቸው ላይ ስትበራ አየሁ። እዚያ ደረቅ እንጨት ውስጥ አንድ ከተማ ሙሉ ይኖራል! ሰው ምራቁን ሲውጥ የምሰማ ሴትዮ በየቀኑ በሥሩ ሳልፍ አልሰማሁትም። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ከዚያ ሻንጣዬን ወደ ክፍሌ መለስኩት።

የመጨረሻው ቀን ዝምታው ሲያበቃ ግቢው በወሬ ተሞላ። እርስዎ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ጮክ ብለው፣ "ልጄ!" አሉኝ። "እኔ ጆሮዬ ድፍን ነው፤ የሠራሁበት የሽመና ፋብሪካ ማሽን ነው የበላው። ግንዱን ያገኘሁት በእጄ ነው። ድምፁ ምን ይላል?"

ጫማው፣ በሩ፣ ማንኪያው፣ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። አፈርኩ፤ ከእፍረቱ ግን መገረሙ በለጠብኝ። ልጅዎ መኪናው እየጠበቀ መሆኑን በእጁ ሲያሳይዎት እስክሪብቶ አውጥተው አድራሻዎን መዳፌ ላይ ጻፉ። "ጻፊልኝ! ማንበብ ያቅተኛል እንዴ!" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ይኸው ጻፍኩ። ድኛለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ትናንት ባለቤቴ ፖም ሲገምጥ ተነስቼ ወጥቻለሁ። ተመልሼ ግን አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እሱም ማመን አቅቶት ፖሙን እንደያዘ ቀረ።

ድምፁን ልንገርዎት። ብዙ ሕዝብ በሩቅ አፉን ሳይከፍት "እም" የሚል ይመስላል። ትንፋሽ ለመውሰድ አያቋርጥም። ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው፤ ሳይጠሩት ገብቶ ሰውን ያሳርፋል።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገር ደግሞ አለ። ከንቦቹ ጋር ሌላ ድምፅ ነበር፤ መጀመሪያ ከነሱ መለየት አልቻልኩም። ዞር ስል ከንፈርዎ ገጥሞ ጉሮሮዎ ሲርገበገብ አየሁ። እያንጎራጎሩ ነበር፤ ከንቦቹ ጋር፣ በዚያው ቃና፣ ቅንጣት ሳይዛነፉ። እርስዎ አያውቁትም። የሰው ድምፅ የሚያንገፈግፈኝ እኔ፣ እንዳያቆሙብኝ ፈርቼ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።

የዝምታውን ሕግ አፍርሰዋል፤ ለማንም አልተናገርኩም።

አክባሪዎ፣
የጥርስ ሐኪሟ