ማጠቢያው ስኳር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን በጣም ለተናደድኩብህ አባቴ፣

ደህና ነህ? ደረትህ እንዴት ነው? ሳሉስ ቀነሰልህ? እንግዲህ ይህን ጠይቄያለሁና ወደ ንዴቴ ልግባ። መጀመሪያ ደብዳቤውን «እርስዎ» ብዬ ጀምሬው ነበር፣ እንደ ባዕድ ላናግርህ አስቤ። ሁለት መስመር ሳልሄድ እጄ እምቢ አለኝና ቀደድኩት። ትናንት ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት ግን አውቄ ነው። ለወንድሜ «ኔትወርክ ተቋርጦ ነው» ብለህ እንዳትሸፋፍንልኝ።

«ፈርሚ፣ አታሳፍሪኝ» አልከኝ። ምን ላይ እንደምፈርም እንኳ ሳትጠይቀኝ! የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ጓደኛህ፣ ቀድሞ ደውሎ የነገረህን ሰምተህ ፈረድክብኝ። በስልክ ከሆነ አንተ ትጮሃለህ፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ይህን ነገ ጠዋት ለሚነሳው አውቶቡስ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ቅዳሜ ይደርስሃል። ደብዳቤን ማቋረጥ አይቻልም።

ስምንት ወር ሙሉ የለፋሁበትን ዱቄት ታውቃለህ። ወተት የሌለበት፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር ያልገባበት ትኩስ ካካዎ። ፈረንጆቹ ቪጋን የሚሉት። ዲግሪዬን ይዤ ስገባ «እንደዚህ ዓይነት ጣጣ ገበያ የለውም» ብለው የሳቁብኝን እልህ አስጨርሼ ነው ያስፈቀድኩት። ከየሱቁ ሰባት ዓይነት ፓኬት ለቅሜ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርኩ። አንዱ ካርቶን የተነከረበት ውሃ ነው። አንዱ ስኳር ብቻ፣ ካካዎ በደጁም ያለፈ አይመስልም። የአኩሪ አተሩ ምላስ ላይ ጠመኔ ይሆናል። የኮኮናቱ ደግሞ እየጠጣሁት የፀጉር ቅባት ይሸተኛል። ዱቄት እንዴት እንደሚመረጥ ያኔ ተማርኩ። መጀመሪያ ጀርባውን ታነባለህ፤ ስኳር ከካካዎ ቀድሞ ከተጻፈ ትመልሰዋለህ። ዝርዝሩ ከሸቀጥ ማስጫኛ ደብተር ከረዘመም ትመልሰዋለህ።

የእኔ አምስት ነገር ብቻ ነው፦ ጠቆር ያለ ካካዎ፣ የተቆላ የአጃ ዱቄት፣ ትንሽ የኮኮናት ክሬም ዱቄት፣ ስኳር፣ ቁንጣሪ ጨው። በትንሽ ሙቅ ውሃ አሽተህ ልክ እንደ ማር ስታደርገው፣ ከዚያ የቀረውን ውሃ ከፍ አድርገህ ስታፈስበት፣ ወፍራም ቡናማ አረፋ ይወጣል። አባዬ፣ ጉሮሮ ላይ እንደ ከፈይ ጨርቅ ይለሰልሳል! መጀመሪያ የተሳካልኝ ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ።

እትዬ ሚዛንን መቼም አትረሳትም። ማሸጊያ ክፍል ሆና ፓኬት በእጇ አንስታ «ይቺ ሁለት ግራም ጎድሏታል» የምትለዋን። ወተት ጉሮሮዋን ስለሚዘጋባት አሥራ አራት ዓመት ያሸገችውን ነገር አንድ ቀን እንኳ ቀምሳ አታውቅም። ባለፈው ዓርብ ከትልቁ ማደባለቂያ የመጀመሪያው ምርት ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰበሰበና የመጀመሪያውን ኩባያ በገዛ እጄ አፍልቼ ለእሷ ሰጠኋት።

«ዛሬስ እኔም እንደ ሰው ልጠጣ ነው!» አለች።

የማደባለቂያ ክፍሉ አለቃ፣ አንተው አስተምረህ ቦታህን ያስረከብከው ጋሼ ብረቱ፣ «ቀስ በይ እትዬ፣ የአሥራ አራት ዓመቱን በአንድ ጉንጭ ልትጨርሺው ነው እንዴ?» አላት።

«አንተ ምን አለብህ፣ በየቀኑ ሆድህን ስትሞላበት ኖረሃል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ግማሹን እንደጠጣች ግን ኩባያውን አስቀመጠችው። «ልጄ፣ ምላሴ ወፈረብኝ» አለችኝ፣ በጣም ቀስ ብላ። ከንፈሯ ዓይኔ እያየ አበጠ። ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ደግፌያት ክሊኒክ እስክንደርስ እጄን እንዴት እንደጨመቀችው አልነግርህም፤ ጥፍሯ ያረፈበት ቦታ አሁንም ሰማያዊ ነው። መርፌ ወጓት፣ ተረፈች።

ቅዳሜ ማለዳ ሁሉንም መረመርኩ። ምርቱ ውስጥ ወተት አለ። ካካዎው ውስጥ የለም። አጃው ውስጥ የለም። ኮኮናቱ ውስጥ የለም። ከመጋዘን የመጣው ስኳር ንጹህ ነው። ቀጥሎ ማደባለቂያው ጥግ የቆመውን ጆንያ አየሁ። ከውስጡ ጨልፌ የወተት መመርመሪያው ወረቀት ላይ ሳደርገው መስመሩ ወዲያው ቀላ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት ጋሼ ብረቱን።

«ምን ትጠይቂያለሽ፣ የአባትሽ ስኳር ነዋ!» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

የአንተ ስኳር። ማሽኑ በውሃ ከታጠበ ዱቄቱ ይጓጉላል፤ ስለዚህ ደረቅ ስኳር አፍስሰህ አሥር ደቂቃ ታሽከረክረዋለህ፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ሁሉ ፍቆ ይዞ ይወጣል። የወጣው ስኳርም አይጣልም፤ ጆንያ ውስጥ ይቆይና ለሚቀጥለው ምርት ይጨመራል። ብልህ ዘዴ ነው፣ ተናድጄም ቢሆን እመሰክራለሁ። በአንተ ዘመን ሁሉም ምርት ወተት ስለነበረው ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን ጠዋት የወተቱን ያመርታሉ፣ ማሽኑን በስኳር ይፍቃሉ፣ ከሰዓት ያንኑ ስኳር የእኔ ካካዎ ላይ ይገለብጡታል! ላዩ ላይ ደግሞ «ወተት የለበትም» ተብሎ ይታሸጋል። እትዬ ሚዛን ናት በእጇ የምታሽገው!

ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለኝ ልንገርህ፣ ለአንተ ይህን እንዳልነገረህ እርግጠኛ ነኝ። «አንዲት ሴትዮ ከንፈሯ አበጠ ተብሎ ጭነት አይቆምም። ባዶ ሆዷን ይሆናል የጠጣችው» አለኝ። የምርመራውን ውጤት ሳሳየው ዞር ብሎም አላየው። «ፓኬቱ ላይ ወተት የለበትም ብለሽ የጻፍሽው ራስሽ አይደለሽም? እንግዲያው ባልሽው ላይ ፈርሚ። አባትሽ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን አላስቸገረንም።» እስከ ሰኞ ጠዋት ካልፈረምኩ ዕቃዬን ሰብስቤ እንድሄድ ነግሮኛል።

አልፈርምም። ጆሮህ ይስማ፣ አልፈርምም!

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ከውጭ የገባውን እያንዳንዱን ከረጢት ከፍቼ መርምሬያለሁ። ያንን ጆንያ ብቻ አልነካሁትም። ለምን? የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። የአንተ ክፍል ስለሆነ ነዋ። ከአንተ እጅ የወጣ ነገር ይመረመራል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነው። ኩባያውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ፣ አባዬ።

ሪፖርቱ ላይ «በክፍሉ የቆየ አሠራር» ብዬ ጻፍኩ። ስም አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ አትጠይቀኝ፣ አሁንም ተናድጃለሁ።

አሁን ከአንተ የምፈልገውን ልንገርህ። ጭነት የሚወጣው በሁለት ፊርማ ነው፤ በላቦራቶሪና በማደባለቂያ ክፍል። እኔን ቢያባርሩ ሌላ ተመራቂ በአንድ ቀን ያመጣሉ። ጋሼ ብረቱን ግን ማንም አይተካውም። ጆንያውን ጣል፣ አንተም አትፈርም ብዬ ለመንኩት። ጆንያው ፊት ቆሞ «ትናንት የመጣሽ ልጅ፣ አባትሽ ያቆመውን ልታፈርሺ? እሱ ካላለኝ ፍንክች የለም!» አለኝ። ስለዚህ እሱ የሚጠብቀው አንተን ነው። የክፍሉን ቁጥር በቃልህ ታውቀዋለህ። ደውልለትና «ድፋው፣ እንዳትፈርምም» በለው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከመጋዘኑ ጀርባ ሥራ የፈታች ትንሽ ማደባለቂያ አለች። ረቡዕ ሸራዋን ገልጬ አየኋት፤ ቀበቶዋ ብቻ ነው የተበጠሰው። ለእኔ ካካዎ ብቻ ብትሆን፣ የራሷ ንጹህ ስኳር ቢኖራት፣ ማንም አይታመምም። ብቆይ ሠርቼ አሳያችኋለሁ። ባልቆይም ሌላ ቦታ እሠራዋለሁ። እትዬ ሚዛንን ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «እስክታመም ድረስ ግን እንዴት ይጣፍጥ ነበር!» አለችኝ። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መድኃኒትህን ሳትዘል ዋጥ። መስኮት ከፍተህ አትተኛ። ትንፋሽህን ያስፋልህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ልብህንም ከሰኞ በፊት ያራራልኝ።

ለጋሼ ብረቱ ከደወልክ በኋላ ለእኔ የመደወል ግዴታ የለብህም። ከደወልክ ግን አነሳለሁ።

ያልፈረመችው ልጅህ