ቤዛ ፎርሙን ከመላኳ በፊት

ማክሰኞ

ለማንም አትንገር ብላኛለች። እኔ ደግሞ ዛሬ ኤርፖርት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው በዊልቸር ገፍቼ፣ ለአሥራ አንዱም ልዘረግፈው ምንም አልቀረኝም። ልጄ ቤዛ ለመጨረሻው ዙር አልፋለች! የዚህ አገር አየር ኃይል ሻለቃ ናት፣ አዳዲስ ጀት የምትፈትሽ ፓይለት። አሁን ደግሞ ጠፈርተኛ ልትሆን ነው። የቀራት ሂውስተን ሄዶ መመርመር ብቻ ነው።

ባለቤቴ ዘነበች ከደስታዋ ፍርሃቷ በልጧል። የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ብላ ለገዛ እህቷ እንኳ አልተነፈሰችም። የዘነበችን አፍ የሚዘጋ ነገር በዓለም ላይ አለ ብዬ አላምንም ነበር።

ሥራ ቦታ ሁሉም «ካፒቴን» ነው የሚለኝ። ድሮ አገር ቤት፣ ደብረ ዘይት ተዋጊ ጀት አበርር እንደነበር ያውቃሉ። «ካፒቴን፣ ጌት ቢ አርባ አራት ዊልቸር ይፈልጋሉ» ሲሉኝ ሁሌ እስቃለሁ። ዛሬ ግን ምርመራ የምትለዋ ቃል ስትከነክነኝ ስለዋለች አልሳቅኩም።

ረቡዕ

የፈራሁት መጣ። በምሳ ሰዓቴ ቤዛ ደወለች። የቤተሰብ ጤና የሚጠይቅ ረጅም ፎርም እየሞላች ነው፤ ሰኞ ትልከዋለች። ወንድሜ ደምሴ በምን እንደሞተ ጠየቀችኝ። ምች መትቶት አልኳት። እኛ ቤት ስንት ዘመን የሚባለው እሱ ነው። «ኦኬ፣ ግን አባዬ፣ ምች ምንድነው ቢሉኝ ዋት ዱ አይ ሴይ?» አለች። ፀሐይ ነው በያቸው፣ በላብ ላይ የመታው ነፋስ ነው በያቸው አልኳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ደም ግፊት? የለም። ስኳር? የለም። ልብ? የለም አልኳት፣ ሳልደናቀፍ። ከልቤ ይልቅ ምላሴ ጤነኛ ናት።

እዚህ ልጻፈው፤ ቢያንስ ወረቀት ይወቅልኝ።

፩. ደምሴ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ቀረ። ያን ቀን ሰማዩ ደመና ነበር፤ ምን ፀሐይ!

፪. መብረር ያቆምኩት ለሰው ሁሉ እንደምናገረው መንግሥት ሲወድቅ አይደለም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፣ ሐኪማችን ልቤን አዳምጦ ከበረራ ያገደኝ። የቀረውን ጊዜ ካርታ ክፍል ነው የተቀመጥኩት።

፫. የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ያየኝ የልብ ሐኪም፣ የልብህ ጡንቻ ወፍሯል፣ በዘር የሚወረስ ነው፣ ልጅህን ንገራትና ትታይ አለኝ። እሺ አልኩት።

፬. የሰጠኝን የልብ ክኒን ዘነበች እንዳታውቅ የማስቀምጠው በቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ነው።

ዓርብ

ቤዛ መጣች። ጂንስ ለብሳ፣ አንድ ቦርሳ አንግታ። ሥራዬን ጨርሼ እዚያው ኤርፖርት ተቀበልኳት።

አሁን ወደምንኖርበት ወደ አውሮራ በቀጥታ መሄድ ሲገባን፣ በድሮው ሰፈራችን በፓርክ ሂል እንለፍ አለች። ያደገችበት ቤት ፊት ለፊት መኪናውን አቆምኩ። ያኔ የድሮው ኤርፖርት ቅርብ ስለነበር አውሮፕላኑ ጣራችንን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። እሷ ገና አፏን በቅጡ ሳትፈታ ድምፁን ሰምታ ትለየው ነበር። «ያቺን አየር ላይ ሞተር የጠፋብህን ስቶሪ እዚህ ደረጃ ላይ ነው የነገርከኝ። ፓይለት ያደረገችኝ እሷ ናት» አለችኝ።

ያቺ በረራ የጓደኛዬ ናት። እኔ ያን ቀን ካርታ ክፍል ነበርኩ።

ቅዳሜ

በጧት ሩጫ ወጣች። እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ደምሴም ከሁላችን ፈጣን ነበር።

ቁርስ ላይ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ስለ ጠፈር ጠየቅኳት። እዚያ ክብደት ስለሌለ ልብ ራሷ ቅርጿን ትቀይራለች፣ ክብ ትሆናለች አለች እየሳቀች። ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ዘነበች ሥራው እያደከመህ ነው፣ ቫይታሚንህን ውሰድ አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ብነግራት ስሟን ይሰርዙታል። ባልነግራትና ደህና ብትሆን ማን ተጎዳ? ደህና ባትሆንስ? እንዲህ እያልኩ አመሸሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደግሞ፣ የፈራሁት ለእሷ ስም ብቻ አይደለም። ካፒቴን የሚባለውንም ሰውዬ ፈርቼለታለሁ። አፈርኩ።

እሑድ

ነገርኳት። ከቅዳሴ በኋላ፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ መኪና ውስጥ። ዘነበች ሰው ሰላም ብላ እስክትጨርስ ሰፊ ጊዜ ነበረን።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ደምሴን፣ ሐኪሙን፣ ካርታ ክፍሉን። ወደ ፊት ብቻ እያየች ሰማችኝ። «ሁለት ዓመት?» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጀት ላይ ነበርኩ እኮ አባዬ! እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው አለ።» ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አንድ ቀን እንኳ። ይቅርታ አልኳት፤ የመኪናውን መስኮት አወረደች።

ዘነበች ገብታ ምን ሆናችሁ ስትል ለእሷም ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ደንግጣ ደረቷን ያዘች። «ያንን ቫይታሚን እኮ እኔም ሲደክመኝ እወስዳለሁ!» አለች። ቤዛ ስንቴ እንደወሰደች፣ መቼ እንደወሰደች አፋጠጠቻት። ሦስቴ ነው፣ የመጨረሻውም ከወር በፊት ነው። «ለካ እሱ ነው ይብስ የሚያደክመኝ» ስትል ቤዛ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዞረች።

ሰኞ

ጧት ሂውስተን ሄደች። ከመሄዷ በፊት ምችን ሰርዛ የነገርኳትን በሙሉ ጻፈች፤ የመድኃኒቴንም ወረቀት ፎቶ አነሳች። ላክ የምትለዋን ስትጫን አጠገቧ ቆሜ ነበር። እናቷን ረጅም አቀፈቻት፣ እኔን አጭር።

ክኒኑን ወደ ራሱ ጠርሙስ መለስኩት። ዘነበች ቫይታሚን የሚለውን ጠርሙስ አጥባ ቅመም አደረገችበት፤ ላዩ ላይም በትልቁ «ቅመም» ብላ ጽፋበታለች።

ኀሙስ

ሦስት ቀን ድምፅ የለም። ዛሬ ከሰዓት ሰው ጌት አድርሼ ስመለስ ስልኬ ጮኸ፤ ቤዛ ናት። የልቧን ምስል አንስተዋል፤ ውጤቱን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው። ያንተ የሆነ አንድ በረራ ንገረኝ፣ የሌላ ሰው አልፈልግም አለች።

የመጨረሻዬን ነገርኳት። ሃያ ሁለት ደቂቃ ናት። የጠፋ ሞተር የለ፣ ተኩስ የለ። ዝቋላን ዞሬ ስመለስ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንፈራገጠ፣ ዓይኔ ጨለም አለብኝ። እዚህ ስደርስ «ሆልድ ኦን፣ እየጠሩኝ ነው» ብላ ሄደች። ባዶው ዊልቸር ላይ ተቀመጥኩ፤ ክልክል ነው። ስልኩ ጆሮዬ ላይ፣ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ያልፋል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

«ክሊን ነው አባዬ። ልቤ ክሊን ነው።»

ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ይምረጧት አይምረጧት ገና አልታወቀም፤ ልቧንም በየጊዜው ማሳየት አለባት። ይሁን።

«ቀጥል እንጂ፣ እንዴት አረፍክ?» አለችኝ። ቀስ ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር አልኳት። በሬዲዮ ለምን አልተናገርክም አለች፣ ልጄ ሳትሆን ፓይለቷ ናት የጠየቀችኝ። ከበረራ እንዳያግዱኝ አልኳት። «አይ ኖው፣ አውቃለሁ» አለች። «እኛም ጋ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚፈራው። አሁን ግን ተናገርክ፣ ካፒቴን።»

ከቢ አርባ አራት ዊልቸር ብለው ሲጠሩ ገና አፍንጫዬን እየጠረግኩ ነበር። መጣሁ አልኳቸው።