የአባትህ ጀርባ እና የልጃችን መርከብ

ለዘውዴ፣ ለቤቴ ጌታ፣ ለጭቅጭቄ ጓደኛ፤

እንደምን ሰነበትክ አልልህም፤ አንተ ካለህበት መሰንበት የሚባል ነገር ይኑር አይኑር አላውቅም። ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የዓመት ተዝካርህን በደንብ አውጥተናል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞልቶ ሰው ፓርኪንጉ ላይ ቆሞ በልቷል። ሰው ፊት አያለቅስም እያልክ የምታማው የልብ ጓደኛህ ጋሼ ተፈራ እንኳ ወጥ እየጨለፉ አለቀሱ። ይህን ብታይ ምን ብለህ እንደምታሾፍባቸው አውቃለሁ።

ቤቱ ያው ነው፤ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት አዳምስ ሰፈር ያለው አፓርትመንታችን። ሶፋውን ብቻ ከመስኮቱ ሥር አንሥቼ ወደ ግድግዳው አዙሬዋለሁ፤ ያንተ ቦታ ባዶውን ሲያፈጥብኝ አልቻልኩም። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ። "አንቺ ፍሪዌይ ላይ እንዳትወጪ፣ ሰው ትጨርሻለሽ" ያልካት ሴትዮ አሁን በየቀኑ ቴን ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን መንገድ ላይ ናት፤ ሳንታ ሞኒካ የምንከባከባቸው አሮጊት ጋ የምደርሰው በሱ ነው። እስካሁን ማንንም አልጨረስኩም። ዳውንታውን ትሠራበት የነበረው ፓርኪንግም ማሽን ተተክሎበታል፤ ክረምት ከበጋ ራዲዮህን ታቅፈህ ሒሳብ የተቀበልክባት ጠባቧ ክፍል፣ ቡዝህ፣ ተነቅላለች። ሳልፍ አይቼ ቀኑን ሙሉ ሲከፋኝ ዋለ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ይህን ልነግርህ አይደለም። ተናድጄብህ ነው። ደግሞም የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው።

ሶርያ ውስጥ ሰው ላይ የመርዝ ጋዝ ተለቀቀ ተብሏል። ቴሌቪዥኑ ሕፃናትን ያሳያል። ቁስል የላቸውም፣ ደም የላቸውም፤ ወለል ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፤ አንዳንዶቹ አፍ ላይ አረፋ አለ። ማን ለቀቀው የሚለው እያከራከረ ነው፤ አንዱ መንግሥቱ ነው ይላል፣ ሌላው ተቃዋሚዎቹ ናቸው ይላል፣ አጣሪዎችም ተልከዋል። አሜሪካ ደግሞ ልምታ አልምታ እያለች ነው፤ ነገሩ ወደ ኮንግረስ ሄዷል። የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ላይ ሰው ሌላ ወሬ የለውም። ሬስቶራንቱም፣ በርበሬ የምገዛበት ሱቅም፣ ጸጉር ቤቱም በጄኔራል ተሞልቷል።

የልጃችን መርከብ እዚያ ባሕር ላይ ነው፣ ዘውዴ። ይመታ ከተባለ ሚሳይሉ የሚነሣው ከነሱ ነው። ዮኒ ከአሥር ቀን በፊት አጭር ቴክስት ላከልኝ፤ "እማ፣ ለተወሰነ ጊዜ አልደውልም፣ ኦኬ? አታስቢ" ይላል። አታስቢ የተባለች እናት ምን ስታደርግ እንደምትውል አንተ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ የሱ ስም ካልወጣ አላነሣም። ሰው ደውሎ ደውሎ ይሰለቻል።

ይህን ሁሉ ያመጣህብኝ አንተ ነህ። አዎ፣ አንተ።

ሎስ አንጀለስን ለምን ወደድካት ሲሉህ "ዝናብ ስለሌላት" ትል ነበር። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ምክንያቱን አውቃለኋ። አባትህ በጣልያን ወረራ ጊዜ ገና ጢም ያላበቀሉ ዘማች ሳሉ፣ አውሮፕላን ከላይ ያርከፈከፈውን ነገር ዝናብ መስሏቸው ቀና ብለው አዩት። መርዝ ነበር። አንድ ዓይናቸውና የጀርባቸው ቆዳ በዚያው ቀረ። ልጅ ሆነህ ጠዋት ጠዋት ያን ጀርባ ቅቤ የምትቀባው አንተ ነበርክ፤ የወተት ስልባቦት መስሎ የተሸበሸበ ነበር ብለኸኛል። ጳጉሜን ገብቶ የመንደሩ ልጅ ሁሉ እየጨፈረ ዝናብ ሲታጠብ፣ አንተና እህቶችህ በር ተዘግቶባችሁ በስንጥቅ ታዩ ነበር። አባትህ ጠብታ ከሰሙ ቤት ይዘጋሉ። አንተም እዚህ አገር፣ በዓመት ሁለቴ በሚዘንብበት ከተማ፣ ጠብ ባለ ቁጥር መስኮት ለመዝጋት ትሮጣለህ። አንድ ቀን የዮኒ ትምህርት ቤት ደውለህ "ልጄን በዝናብ ከክላስ እንዳታስወጡት" ብለህ አስተማሪዋን ግራ አጋብተሃታል።

ታሪኩን ስትጨርስ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነገር ነበር። "ዓለም ተሰብስቦ ሰማ፣ አዘነ፣ ተበተነ።" ከዚያ ሻይህን ትረሳዋለህ፤ ይቀዘቅዛል።

ልጁ ይሰማ ነበር። እኛ ጌሙን ሲጫወት ነው የምናየው እንጂ ጆሮው አንተ ጋ ነበር። አሥራ ስምንት ሞላውና ኔቪ፣ ባሕር ኃይሉ፣ ልገባ ነው አለ። ለምን ስንለው "አባዬ፣ ያኔ ማንም አልመጣም አላልክም? እኔ ከሚመጡት ጋር እሆናለሁ" አለህ። ፊትህ ሲበራ አየሁት። እኔ ሦስት ሳምንት አላናገርኩህም፤ ምግብህን አቀርባለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም። የታረቅነው ዝናብ ዘንቦ ነው። መስኮት ልትዘጋ ስትሮጥ ወንበር ጠልፎህ ተዘረጋህ፣ ሳልወድ ሳቄ መጣ። ይቅር ያልኩህ ይመስልህ ነበር። ሳቅኩ እንጂ ይቅር አላልኩህም ነበር፣ ዘውዴ። አሁንም ገና ነኝ።

ዋናውን ልንገርህ። ትናንት፣ ጳጉሜን የገባ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሬ ተንኳኳ። ለሺፍት ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ነጠላ ለብሰዋል። ጋሼ ተፈራ ከፊት፣ ሁለት የእድር ሰዎች ከኋላ።

የኛ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር የሚያንኳኳው ለምንድን ነው? የእናትህን መርዶ ማን ነገረህ? እኒሁ ጋሼ ተፈራ አይደሉም፣ በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ በር፣ ሰው አስከትለው የመጡት? ጦሩ ቢሆን ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች እንደሚልክ ዮኒ ነግሮኛል። ለካ በወጋችን ይነገራት ብለው ለሽማግሌ አሳልፈው ሰጥተዋል አልኩ። ያን ያህል ቶሎ ነው አእምሮዬ የገጣጠመው።

አልከፈትኩም። እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ቁጭ አልኩና "ልጄን" ብዬ ጮህኩ። ደረቴን መታሁ። ጎረቤታችን ሜክሲኳዊቷ በፒጃማ ወጥታ ናይን ዋን ዋን ደውዬ ፖሊስ ልጥራ ትላለች። ጋሼ ተፈራ ደግሞ "ወይንሸት፣ ኧረ መርዶ አይደለም፣ በእመቤታችን፣ መርዶ አይደለም" እያሉ በሩን ይደበድባሉ፤ በደበደቡት ቁጥር ይብስብኛል። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አላውቅም። በነዚያ ደቂቃዎች ልጄን ቀብሬአለሁ። የትኛውን ሸሚዙን እንደማቅፍ ሁሉ መርጫለሁ።

በኋላ ነው የገባኝ። ሁለት ቀን ሲደውሉ ስልክ አላነሣ ብያቸው፣ ለሥራ ሳልወጣ ሊያገኙኝ ነው የመጡት፤ ነጠላውም ለጳጉሜን ጠበል ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ስለነበረ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ይህን ይስታል? ጋሼ ተፈራ ራሳቸው ደንግጠዋል፤ ውሃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ።

ከተቀመጡ በኋላ ወረቀት አወጡ። ለአካባቢያችን የኮንግረስ ተወካይ የሚላክ ደብዳቤ ነው፣ በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ። አገራችን በመርዝ ስትመታ ዓለም ዝም ብሎ አየን፤ ዝምታው ምን እንደሚያደርግ እናውቃለንና ዛሬ ዝም አትበሉ፣ ምቱ ይላል። መሐሉ ላይ የአባትህ ጀርባ አለ። ቅቤው ሳይቀር አለ። አንተ ቡዝህ ውስጥ ተቀምጠህ ለጋሼ ተፈራ ያጫወትካቸውን አንድ በአንድ አስጽፈውታል። የቀረው የኔ ፊርማ ነው፤ ቤተሰብ ነኝ፣ ልጄ ደግሞ እዚያው መርከብ ላይ ነው። "የመርከበኛ እናት ፈርማ ሲያዩ ይሰማሉ" አሉኝ።

ማን እንደለቀቀው ተጣርቷል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጋሼ ተፈራ "ሲጣራ ልጆቹ ይነሡልሻል?" አሉኝ። ሚሳይሉስ ሲወርድ አጥፊውን ከሕፃኑ ይለያል ወይ አልኩ። ከኋላ የነበሩት ሽማግሌ ቀስ ብለው "እውነቷን ነው፣ ኢራቅም መርዝ አለ ተብሎ ተገብቶ ምን ተገኘ" ሲሉ፣ ጋሼ ተፈራ ዞረው "እኛንም ያኔ ይጣራ እያሉ ነው ያስጨረሱን" አሏቸው። እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። እኔ ቤት ውስጥ፣ እኔ ገና ከለቅሶ ሳልነሣ፣ ሊጣሉ ደረሱ። በመጨረሻ ጋሼ ተፈራ ዓይኔን እያዩ "ዘውዴ ቢኖር ይፈርም ነበር" አሉኝ።

"ቢኖር ነዋ፣ ጋሼ። የለም። ያለሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። እሳቸውን መልሼ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትተው ወጡ። ነገ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይቀበሉኛል።

እና ይኸው ከትናንት ጀምሮ ዙሪያውን እዞራለሁ። የስኳር ዕቃ ጭኜበታለሁ። ባልጭንበትም የትም አይሄድ።

ለማንም ያልነገርኩትን ለአንተ ልንገርህ። መርዶ አለመሆኑን ያወቅኩ ሰዓት ከአፌ የወጣው "ተመስገን" ነው። ሦስት ጊዜ አልኩት። ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከኋላዬ ክፍት ነበር። እነዚያ ልጆች እዚያው ወለል ላይ ተኝተዋል፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተመስገን እላለሁ። ከልቤ ነው ደግሞ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተ "ዝም ያለው ዓለም" ስትለኝ እኔ የሚታየኝ ኮት የለበሱ፣ ልባቸው የደነደነ ሰዎች ነበሩ። አሁን ሌላ ሰው ይታየኛል። አባትህ ላይ መርዝ ሲዘንብ እንግሊዝ አገር ወይም ፈረንሳይ አንዲት ሴት ጋዜጣ አንብባ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ ልጇ እንደማይዘምት ስታውቅ ተመስገን ብላለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። እራት ልትሠራ ተነሥታለች። አባትህን ለመርዙ የተዋቸው ያ ተመስገን ነው፣ እኔም ያንኑ ብያለሁ።

ቢሆንም አልፈርምም።

አልተጣራም የምለው እውነት ነው፤ ግን ላንተ አልዋሽህም፣ ተጣርቶ ቢመጣም እጄ አይሄድም። ለልጄ እፈራለታለሁ። ልጄንም እፈራዋለሁ፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን በማያውቀው ቤት ውስጥ የማያየው ጀርባ ቢላጥ፣ ያንን ማን ቅቤ ይቀባዋል? ዮኒ ያንተ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይረሳም፤ ዕድሜውን ሙሉ መስኮት ሲዘጋ ይኖራል። ይህን በፊርማዬ አላደርገውም። ልክ ነኝ አልልህም። ነገ ጋሼ ተፈራን "የአማቼን ታሪክ ውሰዱት፣ የእናንተም ነው፤ ስሜን ግን አልሰጥም፣ ፈርቼ ነው" እላቸዋለሁ። ፈርቼ ነው የምትለዋን ቃል ሳልውጥ እንድናገራት አግዘኝ።

ነገ ደግሞ ቄሱ አዲሱ ዓመት ሳይገባ የሙታንን ስም ለጸሎት ይቀበላሉ። ወረቀቴን አዘጋጅቻለሁ። አንደኛው መስመር ላይ ያንተ የክርስትና ስም አለ፣ ከሥሩ የአባትህ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። የነዚያን ልጆች ስም አላውቅም። ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን አላውቅም። ቄሱ ስም ሳይኖር እንዴት እጠራለሁ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። "ወለል ላይ የተኙት ልጆች" ብዬ ጽፌያለሁ። ቄሱ ባይጠሯቸው እኔ እጠራቸዋለሁ፤ አንተን ባነሣሁ ቁጥር፣ አባትህን ባነሣሁ ቁጥር፣ እነሱን አስከትዬ። ልጄ በሰላም ቢመለስልኝም አላቆምም። ይህን ቃል የምሰጥህ ከዕዳ እንዲያወጣኝ አይደለም፣ እንዳያወጣኝ ነው።

አሁንም ተቆጥቼብሃለሁ። እንደተቆጣሁብህም እወድሃለሁ።

ይህን ስጽፍልህ ደመና መጥቷል። በዚህ ወር አይዘንብም፣ አውቃለሁ። መስኮቱን ግን ዘግቼልሃለሁ።

ያንተው ወይንሸት